ችግር ሲያስተምር፤ ስለ ኮምፒዩተር ትምህርትና ስለ ምሩቃን ሥራ



በዚህ ዓመት እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በተገናኘን ቍጥር የምንጠያየቀው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም «ዩኒቨርሲቲ ብትገባ ምን ትማራለህ?» የሚለው ነው። የእኔ መልስ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ «ኮምፒዩተር ሳይንስ» የሚል ነበር። ዘንድሮ ግን ይህን መልስ ስሰጥ ድምፄ እንደ ቀድሞው አልበረታም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ታላቅ እኅቴ በኮምፒዩተር ሳይንስ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። የምረቃዋ ፎቶግራፍ በቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ውጤቷም የሚያሳፍር አልነበረም። በተመረቀች በአምስተኛው ወር አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ስለ ጠራት እናታችን ዳቦ ቆሎ ቋጥራላት ከደሴ በሌሊት ተነሥታ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። ፊቷን አይተን ማንም ሳይጠይቃት ዝም አልን። ማታ ቡና ተፈልቶ ሳለ ራሷ እንዲህ ስትል ነገረችን፤ «ሌላ ሰው የጻፈውን ረጅም ፕሮግራም ከፈቱልኝና ደንበኞቻችን ሒሳቡ ተሳስቷል ይሉናል፤ ስሕተቱ የት እንደ ሆነ ፈልጊ አሉኝ። እኔ ግን ከየት እንደምጀምር እንኳ አላወቅሁም።»

እናታችን ስኒውን አስቀምጣ «ታዲያ ልጄ፥ አራት ዓመት ሙሉ ምን ስትማሪ ኖርሽ?» አለቻት። በቍጣ አልነበረም፤ በእውነት ልታውቅ ፈልጋ ነው። እኅቴ አልመለሰችላትም። ጥያቄው ግን በእኔ ልብ ውስጥ ቀረ። በዚሁ መንገድ ልሄድ የተዘጋጀሁ ነኝና መልሱ ለእኔም ያስፈልገኛል። ይህ ጽሑፍ የዚያ ፍለጋ ውጤት ነው።

በመጀመሪያ የእኅቴን ደብተሮች ተውሼ አነበብሁ። የሰነፍ ተማሪ ደብተሮች አይደሉም። ሆኖም በሁሉም ውስጥ አንድ ሥርዓት አስተዋልሁ። መምህሩ አስቀድሞ ትርጓሜ ይሰጣል፤ ቀጥሎ ምሳሌ ይሠራል፤ በመጨረሻም ምሳሌውን የሚመስል ጥያቄ ያቀርባል። ጥያቄው የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ ይመጣል፤ ትርፍም ጉድለትም የለበትም፤ መልሱም አንድ ነው። በሥራ ዓለም ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው የለም። ባለጉዳዩ የሚለው «ሒሳባችን አይገጥምም» ብቻ ነው። ጥፋቱ ከፕሮግራሙ ይሁን፥ ከጸሐፊው ይሁን፥ ወይም ከመጀመሪያው ደንብ ይሁን፥ ለይቶ የሚነግር የለም። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ ጥያቄ መልስ ያስፈልገዋል፤ የሥራው ጥያቄ ግን አስቀድሞ ራሱ መገኘት አለበት። እኅቴ የተማረችው የመጀመሪያውን ነበር፤ የተፈተነችው በሁለተኛው ነው።

ይህ ችግር የእኛ አገር ብቻ አይደለም፤ አዲስም አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1968 በጀርመን አገር ጋርሚሽ በምትባል ከተማ ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም አሠራር ለመምከር ብዙ ሊቃውንት ተሰብስበው ነበር። በዚያም ጉባኤ «የሶፍትዌር ቀውስ» የሚለው አነጋገር ታወቀ። ትላልቅ ፕሮግራሞች ከተቀጠረላቸው ጊዜ ይዘገዩ፥ ከተመደበላቸው ገንዘብም ያልፉ ነበር፤ ከተሠሩም በኋላ ባለቤቶቻቸው የፈለጉትን ሆነው ሳይገኙ ይቀሩ ነበር። ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ ቋንቋውን የማያውቁ ሰዎች አልነበሩም። ችግሩን ከሰው ጋር ሆኖ መረዳት፥ ሥራውን መከፋፈልና የሌላውን ሥራ ማንበብ ግን ራሱን የቻለ ትምህርት መሆኑ እየታወቀ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ጉድለት መድኀኒት ይሆናል ተብሎ የታሰበ አንድ የትምህርት ዘዴ አለ፤ ችግርን መነሻ ያደረገ ትምህርት ይባላል። የሚያስገርመው ነገር የተጀመረው በኮምፒዩተር ትምህርት ቤት ሳይሆን በሐኪሞች ትምህርት ቤት መሆኑ ነው። በካናዳ የሚገኘው የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት በጆን ኤቫንስ መሪነት ተቋቁሞ በ1969 እ.አ.አ. የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ሲቀበል፥ በትልቅ አዳራሽ የሚሰጠውን ትምህርት ዋና መንገድ አላደረገውም። ተማሪዎቹን በትንንሽ ቡድን ከፍሎ የበሽተኛን ታሪክ በፊታቸው አስቀመጠ። ተማሪው ስለ ልብ አሠራር የሚያነበው መምህሩ ስላዘዘው ብቻ አልነበረም፤ በፊቱ ያለው ሰው ለምን እንደ ደከመው ለማወቅ ነበር እንጂ።

ከዚያ በኋላ በኔዘርላንድ አገር በማስትሪኽት በ1974 እ.አ.አ. የሕክምና ትምህርት በዚህ ዘዴ ተጀመረ። ማስትሪኽቶች አካሄዱን በሰባት እርምጃ ከፋፈሉት። ለማስታወስ ቀላል ስለ ሆነ በተራ እጽፈዋለሁ። አንደኛ፥ በችግሩ ጽሑፍ ውስጥ ግልጽ ያልሆኑትን ቃላት ማብራራት፤ ሁለተኛ፥ ችግሩ በትክክል ምን እንደ ሆነ መወሰን፤ ሦስተኛ፥ እያንዳንዱ ሰው በመሰለው መንገድ ምክንያቱን መገመት፤ አራተኛ፥ ግምቶቹን በሥርዓት ማደራጀት፤ አምስተኛ፥ ያላወቁትን ለይቶ «ይህን መማር አለብን» ብሎ መጻፍ፤ ስድስተኛ፥ ተለያይቶ ለየብቻ ማጥናት፤ ሰባተኛ፥ ተመልሶ ተሰብስቦ ያጠኑትን መነጋገርና ማጠቃለል ነው። መምህሩ በቡድኑ መካከል ይቀመጣል፤ መልሱን ግን ቸኵሎ አይሰጥም። ሲሳሳቱ እንደገና እንዲያስቡ የሚያደርግ ጥያቄ ይጠይቃቸዋል።

በዚያው በ1974 እ.አ.አ. በዴንማርክ አገር የኦልቦርግ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። ይህ ዩኒቨርሲቲ ዘዴውን ለምሕንድስናና ለኮምፒዩተር ትምህርት እንዲስማማ አድርጎ ይጠቀምበታል። በዚያ የሚማሩ የኮምፒዩተር ተማሪዎች በየመንፈቁ በቡድን ሆነው አንድ ችግር ይመርጣሉ፤ ከመንፈቁ ትምህርታቸውም ግማሽ ያህሉ ይኸው የቡድን ሥራ ነው። የቀረው ግማሽ የተለመደው የክፍል ትምህርት ነው። በመንፈቁ መጨረሻ ምን እንደ ሠሩ ብቻ ሳይሆን ለምን እንዲህ እንደ ሠሩና ምን እንደ ተሳሳቱ በጽሑፍ ያቀርባሉ፤ በቃልም ይፈተናሉ። እንግዲህ ተማሪው ሲመረቅ እነዚህን ሥራዎች ሁሉ በእጁ ይዞ ይወጣል ማለት ነው።

ነገሩን በወሬ ብቻ እንዳልተወው በዐይኔ ያየሁትን ልጨምር። እኅቴ ከዚያ ቃለ መጠይቅ በኋላ ብዙ ቀን ከቤት አልወጣችም። አንድ ቀን አባታችን ከቅሬ ስብሰባ ተቈጥቶ መጣ። ቅሬ ማለት በሌላው አገር ዕድር የሚባለው ማኅበር ነው። አንድ አባል «ከፍያለሁ» ሲል ጸሐፊው «አልከፈልህም» ብለውት ጠብ ተነሥቶ ነበር። ማኅበሩ ከሁለት መቶ የሚበልጡ አባወራዎች አሉት፤ ሒሳቡም ዳሩ በተበላ ትልቅ መዝገብ ላይ ነው የሚጻፈው። እኅቴ ጥቂት ዝም ብላ ቈየችና «መዝገቡን አምጣልኝ እስቲ» አለችው። እንደ እርሷ ሥራ ያላገኙ ሁለት የክፍል ጓደኞቿንም ጠራች። እኔ መዝገቡን ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ እነርሱ ወደ ኮምፒዩተሩ ያስገባሉ።

የመሰላቸው በሁለት ሳምንት የሚያልቅ ሥራ ነበር፤ ሦስት ወር ተኩል ወሰደ። መጀመሪያ ያገኙት እንቅፋት ስም ነው። በመዝገቡ ላይ አንዱ ሰው በአንድ ገጽ «ዓሊ»፥ በሌላው «አሊ» ተብሎ ተጽፏል፤ «ኃይሉ»ም በሌላ ስፍራ «ሀይሉ» ነው። ለእኛ ሲነበብ አንድ ነው። ለኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቍጥር አለው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.አ.አ. ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዓት ውስጥ ሲገባ «ሀ»፥ «ሐ» እና «ኀ» የተለያየ ቍጥር ተሰጥቷቸዋል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ቈጠረው፤ አንዱ የከፈለ፥ ሌላው ያልከፈለ ሆነ። የጠቡም ምንጭ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ጸሐፊውም በመዝገቡ ላይ ሲፈልጉ በአንዱ አጻጻፍ ብቻ ነበር የሚፈልጉት። በመጨረሻ እኅቴ በፍለጋ ጊዜ አንድ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት እንደ አንድ የሚቈጥር ደንብ ጻፈች፤ የሰውየው ስም ግን ራሱ እንደሚጽፈው እንዲቀመጥ አደረገች።

ሁለተኛው እንቅፋት ቀን ነበር። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚገኘው የቀን መጻፊያ የተሠራው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። «ጥቅምት 30» ብለን ስናስገባ፥ ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለ ሆነ፥ የካቲታቸው መስሎት «እንዲህ ያለ ቀን የለም» አለ። ጳጉሜንንማ ጭራሽ አልተቀበለም፤ ዐሥራ ሦስተኛ ወር ከየት ይመጣል ብሎ ነው። እኅቴ በዩኒቨርሲቲ ሳለች የዘመን አቈጣጠርን የሚለውጥ ፕሮግራም ጻፊ ብላ ያዘዘቻት መምህርት አልነበረችም። አሁን ግን ስላስፈለጋት ብቻ የእኛን ዘመን አቈጣጠር ሒሳብ፥ የጳጉሜን ስድስተኛ ቀን በየአራት ዓመቱ እንዴት እንደሚመጣ፥ ሌሊት ቍጭ ብላ አጠናች።

ሦስተኛው እንቅፋት ከሁሉ የባሰ ነበር፤ እርሱም ከኮምፒዩተሩ ሳይሆን ከሰዎች የመጣ ነው። ደንቡ «ያልከፈለ ይቀጣል» ይላል። እኅቴም እንዲሁ አድርጋ ጻፈች። ጸሐፊው የወጣውን ዝርዝር ሲያዩ ሳቁና «ልጄ፥ ይህችን ሴትዮ እንዴት እንቀጣታለን? ልጇ ዐረብ አገር ናት፤ በዓመት አንድ ጊዜ ስትልክላት የዓመቱን በአንድነት ትከፍላለች። ይህኛውም ታሞ ተኝቷል» አሏት። እኅቴም «ጋሼ፥ እንዲህ ያለው በመዝገቡ ላይ አልተጻፈማ፤ እኔ በምን ልወቀው?» ብትላቸው «ሁሉም ሰው ያውቀዋል እኮ!» ብለው መለሱላት። እነሆ፥ የችግሩ ትልቁ ክፍል ያለው ሁሉም ሰው በሚያውቀውና ማንም ባልጻፈው ነገር ውስጥ ነው። ይህን ለማግኘት ደግሞ ቍጭ ብሎ ሽማግሌ ማዳመጥ እንጂ ሌላ መንገድ የለም።

ከላይ የጻፍኋቸውን ሰባት እርምጃዎች ያነበብሁት ይህ ሥራ ካለቀ በኋላ ነው። ባነበብሁም ጊዜ ሦስቱ ወጣቶች ሳያውቁት ሁሉንም እንዳደረጉ ተገነዘብሁ። «መዋጮ» እና «ቅጣት» የሚሉትን ቃላት አብራርተዋል፤ የጠቡን ምክንያት ገምተዋል፤ የማያውቁትን ለይተው ለየብቻ አጥንተዋል፤ ተመልሰውም ተከራክረዋል። መምህር ስላልነበራቸው ግን ብዙ ጊዜ በከንቱ ጠፍቷል። የዘመን አቈጣጠሩን አንድ ዐዋቂ በአንድ ሰዓት ሊያመለክታቸው ሲችል ሦስት ሳምንት ፈጅቶባቸዋል።

ይህ ከሥራ ማግኘት ጋር ያለው ዝምድና እንዲህ ነው። ኤ ሲ ኤም እና አይ ትሪፕል ኢ የተባሉት ታላላቅ የሙያ ማኅበራት በ2020 እ.አ.አ. ስለ ኮምፒዩተር ትምህርት ባወጡት መምሪያ፥ የአንድ ምሩቅ ብቃት የሚለካው በዕውቀት ብቻ አይደለም ብለዋል። ዕውቀት፥ ችሎታና ጠባይ ሦስቱ በአንድ ሥራ ላይ ሲገናኙ ነው ብቃት የሚባለው። ዕውቀትን ከመጽሐፍ ማግኘት ይቻላል። ችሎታ ግን በመደጋገም ይመጣል። ትዕግሥት፥ የሌላውን ማዳመጥና ስሕተትን ማመን የመሳሰለው ጠባይ ደግሞ እውነተኛ ችግር ካልገጠመ በቀር የሚፈተንበት ስፍራ የለውም።

ዛሬ ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ተጨምሯል። እንደ ቻት ጂፒቲ ያሉት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያላቸው ፕሮግራሞች ከ2022 እ.አ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ለሕዝብ ከቀረቡ ወዲህ፥ በግልጽ የተጻፈ ጥያቄ ከተሰጣቸው ፕሮግራም ይጽፋሉ። ስለዚህ የተዘጋጀ ጥያቄ መመለስ ብቻ የሚያውቅ ምሩቅ ከማን ጋር እንደሚወዳደር ማሰብ ነው። የሴትዮዋ ልጅ ዐረብ አገር መሆኗን ግን ማሽኑ አያውቅም፤ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ የዚህን ዘዴ ጥሩ ጎን ብቻ ጽፌ ባልፍ አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል። አንደኛ፥ መሠረት የሌለው ተማሪ ችግር ብቻ ቢሰጠው ይጠፋል። ኪርሽነር፥ ስዌለርና ክላርክ የተባሉ ሦስት ሊቃውንት በ2006 እ.አ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ጀማሪ ተማሪ በቂ መሪ ሳይኖረው ራሱ እንዲያገኝ መተው እንደማይጠቅም አጥብቀው ተከራክረዋል። እኅቴ ያን ሁሉ ልታደርግ የቻለችው የደብተሮቿ ትምህርት ስለ ነበራት ነው። ሁለተኛ፥ የቡድን ሥራ ለሰነፍ መደበቂያ ሊሆን ይችላል። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ፤ በእኅቴ የመመረቂያ ሥራ ላይ ግን አምስት ስም ተጽፎ ሎሚውን የተሸከመው አንድ ልጅ ነበር። እርሷም ይህን ስትናገር አታፍርም፤ ተሸካሚው እርሷ እንዳልነበረች ትናገራለች። ሦስተኛ፥ ዘዴው በትንንሽ ቡድን የሚሠራ ስለ ሆነ ብዙ መምህራን ይፈልጋል። አራተኛም፥ ማናቸውም የትምህርት ዘዴ በአገር ውስጥ የሌለውን ሥራ አይፈጥርም፤ ቀጣሪ ከሌለ ጐበዙም ይቀመጣል።

አንዳንድ ሰው «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ለእኛ አይሆንም» ይል ይሆናል። ነገር ግን አገራችን ለዚህ አሳብ እንግዳ አይደለችም። በ1947 ዓ. ም. የተከፈተው የጐንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅ የጤና መኰንኖችን፥ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ሠራተኞችን ሲያሠለጥን በቡድን አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልካቸው ነበር፤ ማክማስተር ገና ሳይከፈት ማለት ነው። በ1983 እ.አ.አ. የተቋቋመውና በኋላ የጅማ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም ኅብረተሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርት መለያው አድርጎ ኖሯል። ለሐኪሙ መንደሩ መማሪያ ከሆነ፥ ለኮምፒዩተር ተማሪውስ የቅሬው መዝገብ፥ የጤና ጣቢያው የካርድ ክፍል፥ የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ለምን መማሪያ አይሆኑትም?

ከ2015 ዓ. ም. ጀምሮ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዲግሪ ለማግኘት የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ ሆኗል። ፈተናው ዕውቀትን ስለሚመዝን አልቃወመውም፤ መሠረት ያስፈልጋል ብያለሁና። የምፈራው ተማሪው አራቱን ዓመት ሁሉ ለዚያ ፈተና ብቻ እንዳያጠና ነው። እናታችን የጠየቀችውን ጥያቄ የፈተና ወረቀት ብቻውን አይመልሰውም።

የእኅቴን ነገር ልጨርስ። ባለፈው ኅዳር አንድ ትንሽ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠርቷት ነበር። የዲግሪዋን ወረቀት ገልብጠው ካዩ በኋላ «የሠራሽው ነገር አለ?» አሏት። የቅሬውን ፕሮግራም ከፍታ አሳየቻቸው። ምን እንደ ተሳሳተች ሲጠይቋት ስለ ጥቅምት 30፥ ስለ ዓሊና አሊ፥ ስለ ሴትዮዋ ልጅ ነገረቻቸው። ለስድስት ወር በሙከራ ቀጥረዋታል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን ገና አይታወቅም። በአንድ ሰው የደረሰ ነገርም ለሁሉ ማስረጃ አይሆንም። ነገር ግን የመጀመሪያውን ደመወዟን ተቀብላ ለእናታችን ነጠላ ገዝታ በመጣችበት ቀን እናታችን ያንን የቀድሞ ጥያቄ አልደገመችም።

እኔም መልሴን ወስኛለሁ፤ ፈተናውን ካለፍሁ ኮምፒዩተር ሳይንስ እማራለሁ። የምሄደው ግን በየዓመቱ ቢያንስ አንድ እውነተኛ ችግር ፈልጌ ልሠራ ለራሴ ቃል ገብቼ ነው፤ መምህሩ ቢያዝዘኝም ባያዝዘኝም። እናንተም ጓደኞቼ፥ የምትማሩት ማናቸውም ነገር ቢሆን፥ ክረምቱን በመጠበቅ ብቻ አታሳልፉት፤ በየሰፈራችሁ ያለውን መዝገብ ክፈቱ። ወላጆቻችን ደግሞ «ስንት አመጣህ?» ከሚለው ጋር «ምን ሠራህ?» የሚለውንም ጠይቁን። መምህራኖቻችንንም በታላቅ አክብሮት የምለምነው፥ አልፎ አልፎ መልሱ በመጽሐፉ መጨረሻ ያልተጻፈ ጥያቄ እንድትሰጡን ነው። መጀመሪያ እንጮኽ ይሆናል፤ በኋላ ግን እናመሰግናችኋለን።